በውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው የልብ ምቱን እንዴት ይለካል? እንዴትስ ይመራዋል?

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ያለበት፣ ክብደቱ የጨመረ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው «ውሃ ውስጥ ብትንቀሳቀስ ይሻልሃል» የሚል ምክር ከሐኪምም ከወዳጅም ይሰማል። ምክሩ ትክክል ነው። ውሃ ሰውነትን ወደ ላይ ስለሚያነሳ መገጣጠሚያ ያርፋል፤ እስከ አንገቱ የገባ ሰው እግሩ የሚሸከመው ከክብደቱ ከአሥር አንድ እጁን ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለጉልበት ዕረፍት የሆነው ይኸው ውሃ ለልብ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ሥራውም የሚጀምረው እንቅስቃሴው ሳይጀመር፣ ገና ሰውየው ውሃው ውስጥ እንደቆመ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የእጅ ሰዓቱ ዝቅ ያለ የልብ ምት ሲያሳየው ገና አልደከምኩም ብሎ ራሱን ከሚገባው በላይ ያደክማል። ስለዚህ በየብስ የሚታወቀው የልብ ምት ቁጥር ወደ ውሃ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የውሃ ቁጥር በራሱ ልኬት ማውጣት አለበት። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን ለማድረግ የሚያስችል ነው።

ውሃ በልብ ላይ የሚያደርገው

ቆመን ሳለን ብዙ ደም በስበት ምክንያት ወደ እግርና ወደ ሆድ ወርዶ በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ይቆያል። ውሃ ውስጥ ስንገባ ግን ውሃው ሰውነታችንን ከየአቅጣጫው ይጫነዋል፤ ጫናውም ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። በ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ እግርን የሚጫነው ተጨማሪ ግፊት ወደ 88 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ይህም የጤናማ ሰው የታችኛው የደም ግፊት ከሚባለው ከ80 ይበልጣል። ግድግዳቸው ስስ የሆነው የደም መልስ ሥሮች በዚህ ግፊት ይጨመቁና የያዙትን ደም ወደ ደረት ይልኩታል። እ.ኤ.አ. በ1972 አርቦሬሊየስ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ሰው ደረት ውስጥ ያለው ደም በ700 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚጨምር፣ ልብ በደቂቃ የምትረጨውም ደም ከ30 በመቶ በላይ ከፍ እንደሚል ታይቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ሰውየው ክንዱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ነው።

ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲበዛ የልብ ክፍሎች ይለጠጣሉ፤ የተለጠጠ የልብ ጡንቻ ደግሞ በበለጠ ኃይል ይኮማተራል። ይህ በፊዚዮሎጂ የፍራንክና የስታርሊንግ ሕግ ተብሎ የሚታወቀው ነው። በየብስ ላይ ቆሞ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ልብ ውሃ ውስጥ ከ90 ሚሊ ሊትር በላይ ሊረጭ ይችላል። በአንገትና በደረት ባሉት ትላልቅ የደም ቅዳ ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚገኙት የግፊት ጠቋሚ ነርቮች መጠኑ መጨመሩን ሲረዱ ምቱ እንዲቀንስ ለልብ መልእክት ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ልብ በደቂቃ የምትመታው ጊዜ ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ምት ግን ብዙ ትረጫለች። በተመሳሳይ ድካም ላይ ያለ ሰው የልብ ምቱ ውሃ ውስጥ ከየብሱ ይልቅ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ያህል ያንሳል። ከሰው ሰው፣ ከጥልቀት ጥልቀት፣ ከሙቀት ሙቀት ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መስጠት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ነገሮች አብረው ይታወቁ። የመጀመሪያው፣ የተለጠጠው የላይኛው የልብ ክፍል ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወግድ የሚያዝ ሆርሞን ስለሚለቅ ውሃ ውስጥ ሽንት ይመጣል፤ ይህም ማለት ሰውነት ሳይታወቀው ፈሳሽ ያጣል። ሁለተኛው፣ ውሃው ደረትንና ሆድን ስለሚጫን መተንፈስ ይከብዳል። ሳንባው የታመመ ሰው ገና ሳይንቀሳቀስ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ሳይገቡ በፊት ሐኪም ማየት ያለባቸው ሰዎች

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘልለው አደራ እላለሁ። በሀገራችን ወጣቶችን በብዛት ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች አንዱ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም በተለይ በግራው የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያለውን ቫልቭ ያጠብበዋል። ቫልቩ የጠበበበት ሰው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከላይ የተገለጸው ተጨማሪ ደም ወደ ደረት ይመጣል፤ ነገር ግን በጠበበው በር በኩል በፍጥነት ማለፍ ስለማይችል ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ውጤቱ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ብሎም ሳንባ በፈሳሽ መሞላት ሊሆን ይችላል። በየወሩ ወይም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስድ፣ ልጅ ሳለ «ልብህ ላይ ድምፅ አለ» የተባለ፣ ወይም ዳገት ሲወጣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው የልብ አልትራሳውንድ ተነሥቶ ሐኪሙን ሳያማክር ከወገብ በላይ ወደሆነ ውሃ መግባት የለበትም።

የልብ ድካም ኖሮባቸው እግራቸው የሚያብጥ ወይም በትራስ ብዛት ካልሆነ መተኛት የማይችሉ፣ በቅርብ ጊዜ የልብ ድንገተኛ ሕመም የደረሰባቸው፣ በዕረፍት ላይ ሳሉ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ወይም የተዛባ የልብ ምት ያለባቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ እንዲሁም ከዘመዶቻቸው መካከል በወጣትነቱ ሲዋኝ በድንገት የሞተ ያለባቸው ሰዎችም እንዲሁ። ሕመሙ በመድኃኒት የተረጋጋለት ሰው ብዙ ጊዜ ይፈቀድለታል፤ ሆኖም ስንት ጥልቀት ድረስ መግባት እንደሚችል የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አንደኛ፦ ውሃውን መምረጥ

ውሃን በዓይን መምረጥ አይቻልም፤ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ለመካከለኛ እንቅስቃሴ ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ውሃ ለብዙ ሰው ይስማማል፤ የልብ ሕመም ያለባቸውና አረጋውያን ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በተለይ ውርጭ በሚጥልባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ያልሞቀ ገንዳ ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ለጀማሪ አይመከርም። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የመውሰድ አቅሙ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ነውና ቆሞ ሲለካ የማይሰማው ብርድ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደም ሥሮችን አጥብቦ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በተቃራኒው ከ37 ዲግሪ በላይ የሆነ ፍል ውሃ ደም ሥሮችን አስፍቶ የልብ ምትን ስለሚያፋጥን ለዕረፍት እንጂ ለእንቅስቃሴ አይሆንም።

ከጣርማ በር ወርደው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ አየሩም ውሃውም ይለወጣል። ቆላው ለብርድ አያሰጋም፤ ነገር ግን በቆላ ወንዞችና በመስኖ ቦዮች ብልሃርዚያ ሊኖር ስለሚችል፣ በክረምትም ደራሽ ውሃ ሳይታሰብ ስለሚመጣ፣ ወንዝ ውስጥ ቆሞ የልብ ልምምድ ማድረግ ጨርሶ አይመከርም። ወለሉ የማያንሸራትት፣ መያዣ ብረት ያለው፣ ከወገብ እስከ ደረት የሚደርስ ጥልቀት ያለው ገንዳ ይፈልጉ፤ ብቻዎንም አይግቡ።

ሁለተኛ፦ በየብስ መለካት

በልኬቱ ቀን ከመለካትዎ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ቡና አይጠጡ። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ በቃሙበት ቀን ልኬቱንም እንቅስቃሴውንም ይተዉት። አረቄም ሆነ ሌላ መጠጥ የቀመሰ ሰው ውሃ አይግባ።

የዋና ልብስዎን ለብሰው ከገንዳው ዳር ሳይንቀሳቀሱ ለ3 ደቂቃ ይቁሙ። ከዚያ ጠቋሚና የመሐል ጣትዎን ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርገው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ብዙ ሰው 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለምዷል፤ እዚህ ግን አይበቃም፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ አንዲት ምት ቢሳሳቱ በደቂቃው ላይ የ4 ምት ስሕተት ይሆናል፤ የምንፈልገው ልዩነት ራሱ 10 ገደማ በመሆኑ ስሕተቱ ልኬቱን ያበላሸዋል። የተገኘውን ቁጥር በማስታወሻ ይጻፉ።

ሦስተኛ፦ ቀስ ብሎ መግባትና እንደገና መለካት

ዘሎ መግባት የተከለከለ ነው። በመጀመሪያ እጅዎንና እግርዎን፣ ቀጥሎ ማጅራትዎንና ደረትዎን በገንዳው ውሃ ያርጥቡ። በደረጃው ወርደው እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ወገብ ይግቡና በየእርከኑ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ይህ ትዕግሥት ልብ የሚመጣላትን ደም ቀስ በቀስ እንድትቀበለው ያደርጋታል፤ ሰውየውም ትንፋሹ ቢያጥረው ገና ወገቡ ላይ ሳለ ያውቀዋል።

ልምምድ ሊያደርጉበት ወዳሰቡት ጥልቀት ሲደርሱ፣ ለጀማሪ ከጡት በታች መሆን አለበት፣ እንደገና ሳይንቀሳቀሱ 3 ደቂቃ ቆመው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። የውሃው ቁጥር ከየብሱ ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት የእርስዎ የራስዎ ተቀናሽ ነው። ወገብ ድረስ ብቻ የገባ ሰው ተቀናሹ ትንሽ፣ ደረት ድረስ የገባ ደግሞ ከፍ ያለ ይሆናል። የውሃው ምት ከየብሱ በልጦ ከተገኘ ወይ ውሃው በጣም ሞቋል፣ ወይ ቀዝቅዞ አስደንግጦዎታል፣ ወይ ፈርተዋል፤ በዚያ ቀን የተገኘው ቁጥር ለስሌት አይሆንም።

አራተኛ፦ የራስን ቁጥር ማስላት

በየብስ ላይ የከፍተኛ የልብ ምትን ለመገመት ከ208 ላይ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ መቀነስ የተለመደ ነው። ለምሳሌ የ45 ዓመት እናት ከፍተኛ ምታቸው 176 ገደማ ይሆናል። በየብስ ቆመው 88፣ ውሃ ውስጥ ቆመው 77 ቆጥረዋል እንበል። ተቀናሻቸው 11 ነው። በየብስ ከ176 ላይ 88 ሲነሣ 88 የመጠባበቂያ ምት ይቀራቸዋል። ጀማሪ ከዚህ መጠባበቂያ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል ቢንቀሳቀስ በቂ ስለሆነ፣ በየብስ ዒላማቸው ከ123 እስከ 141 ነበር። ከሁለቱም ላይ 11 ሲቀነስ የውሃ ዒላማቸው ከ112 እስከ 130 ይሆናል። እኚህ እናት ውሃ ውስጥ 140 ለማየት ቢታገሉ ልባቸው በየብስ 151 ላይ ያለችውን ያህል እየሠራች ነው፤ ከታሰበው በላይ ሄደዋል ማለት ነው።

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ሌላ የዚህ ወገን (ቤታ ብሎከር የሚባለው) መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን ይህን ስሌት ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ መድኃኒቱ ራሱ የልብን ምት ስለሚይዘው ቁጥሩ ድካማቸውን አያሳይም። ለእነርሱ የሚያገለግለው ንግግር ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ልክ ናቸው፤ መዝፈን ወይም መዘመር ከቻሉ ገና ቀላል ነው፤ ከሁለት ቃል በኋላ ትንፋሽ መሳብ ካስፈለጋቸው ከልክ አልፈዋል። ይህ መመዘኛ ቁጥር ለሚጠቀሙትም ሁለተኛ ምስክር ይሁናቸው፤ ቁጥሩና ንግግሩ ካልተስማሙ ንግግሩን ይመኑ።

አምስተኛ፦ እንቅስቃሴው

የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን በዝግታ ይራመዱ። ቀጥሎ ወደ ደረት ጥልቀት ገብተው ለ10 ደቂቃ፣ ከሳምንታት በኋላም እስከ 20 ደቂቃ ድረስ፣ ጉልበት እያነሡ መራመድ፣ በቦታ መሮጥ፣ ክንድን በውሃ ውስጥ ከፊት ወደ ጎን መግፋትና መመለስ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የውሃ ጠባይ መታወቅ አለበት። ውሃ ለእንቅስቃሴ የሚሰጠው ተቃውሞ የሚጨምረው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ (በፍጥነቱ ካሬ) ነው፤ ክንዱን በእጥፍ ፍጥነት የሚያንቀሳቅስ ሰው የሚገጥመው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። በየብስ እርምጃን ትንሽ ማፍጠን የልብ ምትን ትንሽ ያነሣዋል፤ ውሃ ውስጥ ግን ያችው ትንሽ ጭማሪ ከፍ ያለ ዋጋ ታስከፍላለች። በፈጣን ሙዚቃ ከሌሎች ጋር እኩል ለመሄድ የሚደረገውን ፉክክር የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው። ድካሙን ለማሳደግ ሲፈልጉ በመጀመሪያ ደቂቃውን፣ ከዚያ የእንቅስቃሴውን ስፋት፣ በመጨረሻ ፍጥነቱን ይጨምሩ።

ትንፋሽዎን አይያዙ፤ በሚገፉበት ጊዜ ያስወጡ። በየ5 ደቂቃው ቆም ብለው ምትዎን ይለኩ። የእንቅስቃሴው ምት እንደቆሙ ወዲያው መውረድ ስለሚጀምር እዚህ 15 ሰከንድ ብቻ ቆጥረው በ4 ያባዙ። በእጅ አንጓ የሚታሰር ሰዓት በብርሃን የሚለካ በመሆኑ ውሃ በቆዳና በሰዓቱ መካከል ሲገባ ይሳሳታል፤ ከጣት ልኬት ጋር ሳያስተያዩ አይመኑት። በአንገት የሚለኩ ከሆነ አንዱን ወገን ብቻ፣ ሳይጫኑ ይሁን።

ስድስተኛ፦ መውጣት

ከመግባት ይልቅ ብዙ ጊዜ ቸል የሚባለው መውጣት ነው። ሰውየው ሲወጣ እግሩን ደግፎት የነበረው ጫና ይለቅቀዋል፤ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፤ በሽንት የተወገደው ፈሳሽም አልተተካም። በዚህ ጊዜ የደም ግፊት በድንገት ይወርድና ያዞራል፤ በረጠበ ወለል ላይ መውደቅም ያስከትላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ከደረት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት እየተመለሱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ። በደረጃው ላይ ጥቂት ተቀምጠው ብረቱን ይዘው ይውጡ። ከወጡ በኋላ ውሃ ይጠጡ፤ ወዲያው ሙቅ ሻወር ውስጥ አይግቡ፤ ሙቀቱ ደም ሥሮችን የበለጠ ያሰፋቸዋልና። ፈሳሽ የሚያስወግድ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ማዞር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ፣ በረመዳንም እስከ ማፍጠሪያ የሚጾሙ ሰዎች ልምምዱን ከጾም መፍቻ በኋላ፣ ምግቡ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። በባዶ ሆድና ሳይጠጡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ፈሳሽ ማጣት ለደካማ ልብ ከባድ ነው።

ስለ ቀዝቃዛ ውሃና ስለ ፀበል

በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲነካን ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች ወደ ልብ ይደርሳሉ። የቆዳው መደንገጥ ትንፋሽን ያስነጥቅና ምትን ያፋጥናል፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ አንድ እስከ ሦስት ደቂቃዎች ይበረታል። ፊት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነካና ትንፋሽ ሲያዝ ደግሞ በፊት ነርቭ በኩል የልብን ምት የሚያዘገይ ሌላ ትእዛዝ ይነሣል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ጤናማ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይታወቀው ያልፈዋል፤ ሕመም ያለበት ልብ ግን ሊጎዳ ይችላል።

ወደ ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ወደ ሌላ ፀበል የሚሄዱ፣ በጥምቀትም ማለዳ በደጋው ብርድ የሚጠመቁ የልብ ሕመምተኞች ሕመማቸውን ለአጥማቂው አስቀድመው ቢነግሩ መልካም ነው። ውሃው ከእጅና ከእግር ጀምሮ ቢደርሳቸው፣ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ቢጠመቁ፣ የሚደግፍ ሰው ቢኖራቸው፣ ደረቅ ልብስና ነጠላ ቢዘጋጅላቸው እምነታቸውንም ጤናቸውንም ይጠብቃሉ። የሐኪም መድኃኒታቸውንም እንዳያቋርጡ።

እንቅስቃሴውን ወዲያው የሚያስቆሙ ምልክቶች

ደረትን መጫን ወይም ማመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ ማዞር፣ ቆመው ሳሉ የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም አረፋ ያለው ሳል ከመጣ ወዲያው ይውጡ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቀና ብሎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይተኛ፤ ሲተኛ ደሙ ወደ ደረቱ ስለሚመለስ ይብስበታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ምልክቱ ቢሻለውም ሆስፒታል ሳይታይ ወደ ገንዳው አይመለስ።

ልኬቱን ማደስ

በሳምንት ሦስት ቀን የሚለማመድ ሰው ቀኑን፣ የውሃውን ሙቀት፣ ጥልቀቱን፣ ተቀናሹንና በእንቅስቃሴው መካከል ያገኘውን ምት በደብተር ይመዝግብ። በተመሳሳይ ጥልቀት፣ ሙቀትና ፍጥነት ምቱ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ከሄደ ልብ እየበረታች ነው። ያለ ምክንያት ከተለመደው በ10 ያህል ከፍ ካለ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ያልተተካ ፈሳሽ ሊኖር ስለሚችል የዚያን ቀን ልምምድ ይተወው።

ገንዳ፣ ጥልቀት ወይም መድኃኒት ሲቀየር ተቀናሹ እንደ አዲስ ይለካል። በተለይ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጨምር በአየሩ ውስጥ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የውሃው ጫና በዚያው ጥልቀት ያው ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለተመሳሳይ ሥራ ልቡ ከቆላው ይልቅ ፈጥና ትመታለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በእርምጃ ብቻ አሳልፎ፣ ከዚያ በየብስና በውሃ 3 ደቂቃ ቆሞ የደብረ ብርሃን ቁጥሩን በአዲስ ገጽ ይጻፍ።